በዓሣ ላይ የሚያሟርቱት ሽማግሌ

መብራት ያልገባበት መንደር፣ ጤና ጣቢያ የሌለው ቀበሌ ይኖር ይሆናል፤ ሟርተኛ የሌለው ሰፈር ግን እግዜር አልፈጠረም። ሠርግ ሲደገስ ከዳሱ ጥግ ተቀምጦ ሙሽራዋን በሐዘኔታ የሚመለከት፣ አዲስ ቤት ሲመረቅ ምሰሶውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ራሱን የሚነቀንቅ፣ ልጅ ተወለደ ሲባል “ይተነፍሳል?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው በየደረስንበት አለ። ይኸን የሚያነብ ሰውም ይኸኔ አንድ ጎረቤቱ ፊቱ ላይ ድቅን ብሎበታል። የእንፍራንዙ ግን ከሁሉም ይልቃሉ።

ክቡር ሊቀ ሟርት አያ ካሣዬ ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጣቸው ከተማው ነው፤ እሳቸው አልጠየቁም፣ አልተቃወሙምም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎንበስ ያሉ ሽማግሌ ሲሆኑ ክረምት ከበጋ ያችኑ አንድ ካቦርት ይለብሳሉ። ከመናገራቸው በፊት ከንፈራቸውን ይመጥጡና አንገታቸውን ወደ ግራ ሰበር ያደርጋሉ፤ ከዚያ “ይኸ ነገር መጨረሻው አያምርም” ይላሉ። ስለ ዝናቡ ሲጠየቁም፣ ስለ ሽንኩርት ገበያ ሲጠየቁም፣ ማንም ምንም ሳይጠይቃቸውም መልሳቸው ይኸው ነው።

ሹፌሩ ደመቀ ሚኒባስ የገዛ ዕለት ሰው ሁሉ “እንኳን ደስ ያለህ” ሲለው፣ አያ ካሣዬ ማኪናውን አንድ ጊዜ ዞሩትና “ጎማው ራሱ ለቅሶ ቤት የሚሄድ ይመስላል” አሉ። ያ ማኪና ዛሬም ከእንፍራንዝ ጎንደር ይመላለሳል፤ መስተዋቱ እንኳ አልተሰነጠቀም። የወለተሩፋኤል ጋብቻ ለፋሲካ አይደርስም ብለው ነበር፤ ባልና ሚስቱ አሁን የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ። የትምህርት ቤቱ አዲስ ክፍል ሲመረቅም “ይወድቃል” አሉ። ክፍሉ አልወደቀም። የወደቀው ሪባኑን የቆረጠው ባለሥልጣን ነው፣ እሱም ከወንበሩ። ክቡርነታቸው ዝም የሚሉት ለቅሶ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ የሚጨመር ነገር የለማ።

የባዮሎጂ መምህርቷ ኤሌኒ ወደ እንፍራንዝ ስትመጣ ይኸን ሁሉ አታውቅም ነበር። ተወልዳ ያደገችው ጎንደር አራዳ ነው። ባሏ ኢዮስያስ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሚሠራ እዚያው ቀርቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በደመቀ ማኪና እየመጣ ይጠይቃታል። እሷ አበቡ ከምትባል ሴት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታለች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ጊዜ በስድስተኛው ወር አስወርዷት ነበር። ዝውውሩን የጠየቀችው አራዳ ላይ ባገኛት ቁጥር ሆዷን አይቶ “አይዞሽ” የሚላት ሰው ሰልችቷት ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

በመጣች በሳምንቷ፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ አመሻሽ ላይ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የጋርኖ ወንዝ ድልድይ ላይ ደረሰች። ከሐይቁ በኩል የተነሳ ጉም ወንዙን ተከትሎ ሽቅብ እየሄደ ነበር። መጀመሪያ የሰማችው ድምፅ ነው። ብዙ ሰው የራሰ ልብስ ለብሶ፣ አንድም ቃል ሳይናገር፣ ውኃ ውስጥ የሚራመድ መሰላት። ቆመች። ዙሪያዋን ብታይ ሰው የለም። ቁልቁል ስትመለከት ውኃው ራሱ ጀርባ አውጥቶ ይንቀሳቀሳል።

ዓሣ ነበር። ክንድ ክንድ የሚያህል ነጭ ዓሣ፣ ጎን ለጎን ተጣብቆ፣ ጀርባውን በማይሸፍን ድፍርስ ውኃ ውስጥ ሽቅብ ይጓዛል። አልፎ አልፎ አንዷ ትገለበጥና ሆዷ ብልጭ ይላል፤ ወዲያው ጭቃው ይውጣታል። ከድልድዩ ማዶ ደግሞ አንድ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው በዝግታ ይናገራል።

“ሂዱ እስቲ። የት ልትደርሱ ነው? ጠጠሩን ጎርፍ ወስዶታል። እንቁላላችሁን አምባዛ ይለቅመዋል። አንዳችሁም በደኅና አትወልዱም፣ አንዳችሁም ወደ ሐይቁ አትመለሱም።”

ኤሌኒ ተጨማሪ ለመስማት አልቆመችም። እየሮጠች ቤት ገብታ ለአከራይዋ ለአበቡ ነገረቻት። አበቡ ሽንኩርት መላጧን እንኳ ሳታቆም፣ አያ ካሣዬ መሆናቸውን፣ በየዓመቱ ዓሣውን እንዲህ እንደሚሸኙ ነገረቻትና ሌላ ወሬ ጀመረች። ለአበቡ ይኸ ፍየል ከመጠበቅ የተለየ ሥራ አይመስልም ነበር።

መምህር ግን ያየውን ሳያስረዳ ማደር አይችልም። ከዚያ በኋላ ኤሌኒ ድልድዩ ላይ ሽማግሌውን ባገኘች ቁጥር ትምህርት ትሰጣቸው ጀመር። ነጩ ዓሣ ሐይቁ ውስጥ እንደማይወልድ፣ ክረምት ሲገባ ወንዙን ይዞ ጥሩ ውኃ የሚወርድበትን ጠጠር ፍለጋ እንደሚወጣ ነገረቻቸው። ሴቷ ጠጠሩን በጅራቷ እየመታች ስታራግፍ ወንዶቹ ከግራ ከቀኝ ተጭነዋት እንደሚቆሙ፣ የዘንጋዳ ፍሬ የመሰለው እንቁላል በጠጠሩ መካከል ሰርጎ እንደሚደበቅ፣ እናቲቱ ዞር ብላ ሳታይ ወደ ሐይቅ እንደምትመለስ አስረዳቻቸው። ቀረሶ የሚባለው የሐይቁ ዓሣ ግን ሌላ ነው። እሷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ትይዘዋለች፤ ልጆቿ እስኪፈለፈሉ እህል ሳትቀምስ አፏን ገጥማ ትከርማለች። አያ ካሣዬ ይኸን ሁሉ ከንፈራቸውን እየመጠጡ አዳመጡ።

አንድ ቀን በሰው አገር፣ ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ፣ ሳልመን የሚባል ዓሣ እንዳለ ነገረቻቸው። እሱም ለመውለድ ወደ ተፈለፈለበት ወንዝ ይመለሳል። ፏፏቴ እየዘለለ ይወጣል፤ እንቁላሉን ጥሎ እዚያው ይሞታል፤ ወንዙ ሬሳ በሬሳ ይሆናል። ሽማግሌው ወደ ውኃው ጎንበስ አሉ።

“የሚያሟርትላቸው ሰው የለማ” አሉ።

ኤሌኒ ይኸን ሰምታ ስቃ አለፈች። ልብ ብላው ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ የመጣው ሁሉ ባልመጣ ነበር።

በመጋቢት አረገዘች። ለኢዮስያስና ለሐኪሟ ካልሆነ ለማንም አልተናገረችም። ሐኪሙም መንገድ አታብዢ ስላላት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እዚያው እንፍራንዝ ቀረች። ሆዷን በጋቢ ሸፍና ትወጣለች፣ ሰው ሳያስተውላት ትገባለች። ሐምሌ ላይ ከገበያ ስትመለስ ግን የግቢው በር ላይ ከአያ ካሣዬ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። የሽማግሌው ዓይን ወደ ጋቢው ወረደ። ከንፈራቸውን መጠጡ። አንገታቸውን ወደ ግራ ሰበር አደረጉ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች። ዘንቢሏን ጣለችና እጇን ዘረጋች።

“አያ ካሣዬ፣ በቅዱስ ገብርኤል ገዝቼዎታለሁ። ከእንግዲህ ክፉ ነገር ከአፍዎ እንዳይወጣ።”

አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብለው ገጠሙት። አስተያየታቸው ያን ጊዜ ቁጣ መስሏት ነበር፤ ፍርሃት መሆኑን ያወቀችው ቆይታ ነው።

“ምነው ልጄ” አሉ። “ምነው እንዲህ አደረግሽኝ።”

ግዝት እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። በታቦት ስም የታሰረ ሰው ያሰረው ሰው እስኪፈታው ድረስ ቃሉን ቢያፈርስ ነፍሱን ነው የሚያጠፋው። ኤሌኒ ያሰበችው ስለ ራሷ ሆድ ብቻ ነበር፤ ያለችው ግን “ክፉ ነገር” ነው። አያ ካሣዬም እንደ ተባለው ያዙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በማንም፣ በምንም ላይ ክፉ አልተናገሩም።

ከተማው መታመም ጀመረ። ደመቀ ለማኪናው አዲስ ጎማ አስገጥሞ እንደ ልማዱ ለአያ ካሣዬ አሳያቸው። እሳቸውም ዝም ብለው ቆይተው፣ ዝም ማለት ነውር ሲሆንባቸው፣ “ሸጋ ነው” አሉ። ደመቀ ፊቱ አመድ መሰለ። ተሳፍረው የነበሩት ሰዎች አንድ ባንድ ወረዱ፤ ጣራ ላይ የተጫነው ዕቃ ሁሉ ወረደ፤ ያ ማኪና ሳምንቱን ሙሉ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ከመካነ ብርሃን ለሽምግልና የመጡ ሰዎች የታጨችውን ልጅ እንዴት እንደሚያዩዋት ሲጠይቋቸው “ሸጋ ልጅ ናት” አሉ። የልጅቱ እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ሠርጉም ለሌላ ዓመት ተላለፈ። ሰውየው በጎ ቃል በተናገሩ ቁጥር አንድ ቤት ይዘጋል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የዚህ ሁሉ ምክንያት እሷ መሆኗን ኤሌኒ የሰማችው መጨረሻ ላይ ነው። ያስተዋለችው ሰው ሲያያት ማማተብ መጀመሩን ነበር።

ነሐሴ ገብቶ ወጣ። ጋርኖ ሞላ፣ ጎደለ፤ ዓሣው ግን አልመጣም። ኤሌኒ ምክንያቱን ታውቀዋለች። በላይ በኩል ዝናቡ ዘግይቷል፤ ወንዙ ከሐይቁ የሚገናኝበትን አፍ መረብ ዘግቶታል፤ ዓሣው የሚወልድበት ጠጠር ደግሞ ለግንባታ እየተጫነ ሄዷል። ሁሉም እውነት ነው። አመሻሽ ላይ ድልድዩ ላይ ስትቆም ግን ይኸ እውነት አያሞቃትም። ውኃው ባዶውን ይወርዳል። አያ ካሣዬ ማዶ ቆመው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ቁልቁል ያያሉ። ከስተዋል። አበቡ እንደምትለው እህልም ትተዋል። ኤሌኒ ልጆቿን አፏ ውስጥ ይዛ የምትጾመውን ቀረሶ አስታወሰች፤ ለምን እንዳስታወሰች ግን ለራሷም አልገባትም።

ነገሩን የነገረቻት አበቡ ናት። እንቁጣጣሽ ባለፈ ማግስት ክፍሏ ድረስ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

“እሳቸውን ምነው ዘጋሽብን?” አለቻት። “እናታቸው ስንቱን ቀብራ ነው እሳቸውን ያገኘች። ካሣዬ ብላ ስም አወጣች፤ ግን በስማቸው ጠርታቸው አታውቅም። ‘ሟች’ ነበር የምትላቸው። ‘ሟች፣ ና ምሳህን ብላ። ሟች፣ ብርድ ነው ልበስ።’ ሟች እየተባሉ ይኸው ሰባውን አለፉ። ሞት እኮ ምርቃት ሰምቶ ነው የሚመጣ። አስቀድሞ የተለቀሰበትን ቤት አልፎት ይሄዳል። አያ ካሣዬ ክፉ የሚናገሩት በሚሳሱለት ላይ ነው። አንች ግን አፋቸውን አሰርሽ።”

ኤሌኒ ይኸ ተረት ነው አለች። ጽንስ በምን ምክንያት እንደሚወርድ ለአበቡ ልታስረዳት ሞከረች፤ ዓሣው ለምን እንዳልመጣም ጨመረችላት። አበቡ እስከ መጨረሻው ሰምታት “እሺ” ብላ ወጣች። “እሺ” ማለቷ ነው የከፋው።

በማግስቱ ማለዳ ኤሌኒ ስትነቃ ሆዷ ውስጥ ፀጥታ ነበር። ከትናንት ወዲህ ልጁ አልተንቀሳቀሰም። በቀኝ ጎኗ ተኛች፣ በግራ ጎኗ ተኛች፣ ጣፋጭ ሻይ ጠጣች፤ ምንም የለም። ስድስተኛው ወር ነው። ለኢዮስያስ ደወለች። እሱም ድምፁን እያረጋጋ፣ በአስቸኳይ ማኪና ይዛ እንድትመጣ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ እንደሚጠብቃት ነገራት። ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

ማኪና ለመያዝ ድልድዩን መሻገር አለባት። ጉሙ ከመክበዱ የተነሳ የድልድዩ ብረት እንኳ የሚታየው ሲነኩት ነው። መካከሉ ላይ ስትደርስ አንድ ጥላ አየች። አያ ካሣዬ ናቸው። ወደ ውኃው ጎንበስ ብለዋል፤ ከታች ግን የውኃ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። አልፋቸው ልትሄድ ነበር። እግሯ እምቢ አላት።

“አያ ካሣዬ፣ ግዝቱን ፈትቼልዎታለሁ” አለች።

ከውኃው ቀና አሉ።

“ፈትቼዎታለሁ። ይናገሩልኝ።”

“በማን ላይ?” አሉ። ድምፃቸው ዝጎ ነበር።

“በዚህ ላይ” አለችና ጋቢውን ገለጠችላቸው።

አያ ካሣዬ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። ያ የዳዊት ንባብ የሚመስል ዝግ ያለ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ መጣ።

“ይኸ ልጅ አይወለድም። ቢወለድም አያለቅስም። ቢያለቅስም ጡት አይዝም። ቢይዝም ጥርስ አያበቅልም። ቢያበቅልም እግሩ አይጠናም። ቢጠናም ትምህርት አይገባውም። ቢገባውም ለወላጅ አይሆንም። ሠርጉን ዝናብ ያበላሸዋል። ልጆቹ ይሞግቱታል። ሸምግሎ ጉልበቱን ያመዋል፤ ከዘራውን እየጣለ የልጅ ልጆቹን ሲያስቸግር ይኖራል። ይኸ ነገር መጨረሻው አያምርም።”

ኤሌኒ መጀመሪያ ላይ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ነበር የምትሰማው። ጥርስ ማብቀል ላይ ሲደርሱ አንድ ነገር ገባት። ሰውየው እያንዳንዱን እርግማን ተሻግረው ልጁን ወደሚቀጥለው ዓመት እያሻገሩት ነው። ጉልበቱን እስከሚያመው ድረስ ወስደውታል። እንባዋ እየወረደ ሳቀች፤ ሳቋም ለራሷ አስፈራት። ያኔ ከጎድኗ በታች ልጁ መታት፣ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ ሌላ ጊዜ።

ከድልድዩ ሥር ደግሞ ያ ድምፅ መጣ፤ የራሰ ልብስ የለበሰ ብዙ ሰው፣ ቃል ሳይናገር፣ ውኃ ውስጥ ሲራመድ። ሌሊቱን በላይ በኩል ዝናብ ጥሎ እንደነበር በኋላ ሰምታለች። የትኛው ቀደመ፣ የልጁ እግር ወይስ የዓሣው ጀርባ፣ ስትጠየቅ አታውቅም። ሁለቱም የድልድዩን ብረት ተደግፈው ቁልቁል ጎንበስ አሉ።

የደመቀ ሚኒባስ መብራቱን አብርቶ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ያን ሰሞን ገበያ አጥቶ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ነበር የሚጭነው። አያ ካሣዬ ኤሌኒን ደግፈው አሳፈሯት፤ በሩን ከመዝጋታቸው በፊት ማኪናውን ከጎማው እስከ ጣራው አዩትና “ይኸ ዛሬ ጎንደር አይደርስም፤ አዘዞ ሳይደርስ ይገለበጣል” አሉ።

“ተመስገን” አለ ደመቀ። የኋላ ወንበር ላይ ያሉት እናትም እልል አሉ።

በደኅና ደረሱ። ሐኪሙ የልጁን ልብ አሰማት፤ ፈጣን፣ ደኅና ልብ ነበር። አንዳንዴ እንዲህ ይተኛሉ አላት። ኤሌኒ የሐኪሙን ቃል አመነች። ድልድዩ ላይ ስለሆነው ነገር ግን አልነገረችውም፤ የሱን ሥራ መናቅ እንዳይመስልባት ነው።

ታኅሣሥ ላይ ሴት ልጅ ተገላገለች። ስሟ ፍሬ ተባለ። እንፍራንዝ ይዛት ስትመጣ የአበቡ ግቢ በሰው ሞልቶ፣ ሁሉም ሊቀ ሟርቱ የሚሉትን ይጠብቃል። አያ ካሣዬ ሕፃኗን ገለጥ አድርገው አዩ። “አስቀያሚ ናት። ደግሞም አትበረክትም” አሉ። ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ኤሌኒ እንደዚያ ቀን ያለ ደስታ በሕይወቷ አላየችም።

ይኸ የታኅሣሡ ነው። አሁን ታማሚው አያ ካሣዬ ናቸው። ሳሉ ከግንቦት ጀምሮ አልለቀቃቸውም፤ ጎንደር ተወስደው ታይተው በመድኃኒት ተመለሱ፤ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። ኢዮስያስ የደማቸውን ውጤት አይቶ ለኤሌኒ ሲነግራት ዓይኗን ማየት አልቻለም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ “ዓሣው መጣ” ሲባል ግን ሽማግሌው አልጋ ላይ አልቆይም አሉ። ካቦርታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በኤሌኒ ክንድ ተደግፈው ድልድዩ ላይ ደረሱ። ፍሬ በእናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ ተኝታለች።

ጉሙ ወንዙን ይዞ ሽቅብ ይሄዳል። ከታች ጀርባዎቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ከባለፈው ያንሳሉ፣ ግን መጥተዋል። አያ ካሣዬ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ፣ አፋቸውን ከፈቱ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ደግመው ሞከሩ። ከዚያ ወደ ኤሌኒ ዞረው አዩዋት።

ኤሌኒ ተማሪ እንዳያያት ግራ ቀኝ ተመለከተች። ጎንበስ አለች።

“ሂዱ እስቲ” አለች። “የት ልትደርሱ ነው? ጠጠሩ ተጭኖ አልቋል። ልጆቻችሁ ሐይቁን አያዩትም። አንዳችሁም አትመለሱም።”

የዓሣው ድምፅ በድልድዩ ሥር አለፈ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጥሩ አድርጋ እንደደገመች ተማሪ አዩዋት። የካቦርቱ እጅጌ ውስጥ ያለው ክንዳቸው የሸንበቆ ያህል ቀሏል። ኤሌኒ ይኸን ክፉ አፍ ከአባቷ አስበልጣ እንደምትወደው ያን ጊዜ አወቀች። ቢሆንም ፊቷን አኮሳትራ ወደሳቸው ዞረች።

“እርስዎም አያ ካሣዬ፣ መስቀልን አያዩም” አለች። “ቢያዩም ጥምቀት አይደርሱም። ቢደርሱም የፍሬን እግር መትከል አያዩም። የዛሬ ዓመት እዚህ ድልድይ ላይ የሚቆመው ሌላ ሰው ነው።”

አያ ካሣዬ ዓይናቸው ውኃ ሞላ። እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት።

“እግዜር ይስጥሽ” አሉ በሹክሹክታ። “በይ ደግፊኝ፤ ቤት ሳልደርስ መንገድ ላይ ነው የምሞተው።”